ሊኪዎች፦ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም በኦሞ ምድር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የአንድ ስም ታሪክ ነው። ስሙ ሊኪ ይባላል። በእንግሊዝ አገር እንደ ስሚዝ ወይም እንደ ጆንስ በየመንደሩ የሚጠራ አይደለም፤ የሚጠሩበት ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። ይሁንና ይህ ብዙ ባለቤት የሌለው ስም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቷል። መጀመሪያ በቢላቴ ወንዝ ዳር፣ በጦር ሜዳ። ቀጥሎ እዚሁ በእኛው ደጅ፣ በደቡብ ኦሞ፣ በኪቢሽ፣ የጥንት ሰው አጥንት ፍለጋ ላይ። ዛሬ ስሙን የያዙት ሰዎች እነማን እንደነበሩ እንነግራችኋለን። ስሙ የሸፈናቸውን ሰዎችም እናነሳለን።

ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ስታነቡ ሉዊስ ሊኪ፣ ሜሪ ሊኪ፣ ሪቻርድ ሊኪ፣ ሚቭ ሊኪ፣ ሉዊዝ ሊኪ የሚሉ ስሞች ሳያጋጥሟችሁ አይቀርም። አምስት ሰው፣ አንድ ስም። ለእኛ ጆሮ ይህ ትንሽ ግር ያሰኛል። በእኛ አገር ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ ከዚያ የአያት። ትውልድ ባለፈ ቁጥር ስሙም አብሮ ይለወጣል። ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች።

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የተለየ ወግም አለ። በሐመርም ሆነ በሙርሲ ሰው በከብቱ መልክ ይጠራል። ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር የተባሉት የባህል ተመራማሪዎች ስለ ሐመር በጻፏቸው መጻሕፍት ለዓለም ያስተዋወቁት አይኬ በሪናስ በብዛት የሚታወቀው ባልዳምቤ በሚለው መጠሪያው ነው፤ የቡናማዋ ላም አባት ማለት ነው። አባቱ ያወጣለት ስም አንድ፣ ከብቱ ያወጣችለት ስም ሌላ።

የእንግሊዞቹ ሥርዓት ሌላ ነው። የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ሚስትም በአብዛኛው የባሏን ስም ትወስዳለች። እስቲ እነዚህን ሰዎች በእኛ ደንብ እንጥራቸው። ሉዊስ ሊኪ ሉዊስ ሃሪ ይሆን ነበር፤ አባቱ ሃሪ ነውና። ልጁ ሪቻርድ ሉዊስ፣ የልጅ ልጁ ሉዊዝ ሪቻርድ። የሉዊስ ባለቤት ሜሪ ደግሞ ሜሪ አርስኪን ትባል ነበር፤ አባቷ አርስኪን ኒኮል የተባለ ሰዓሊ ነበር። አያችሁ? በእኛ አጠራር ሊኪ የሚለው ስም ከዚህ ታሪክ ውስጥ ጨርሶ ይጠፋል፤ በምትኩ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ብቅ ይላል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ቤተሰቡ ቀደም ሲል ይኖር የነበረው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ኤክሰተር በተባለች ከተማ ነው። በስሙ ከታወቁት ቀዳሚው ጄምስ ሊኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1775 እስከ 1865 የኖረ ሰዓሊ። የሚታወቀው በእጅ መዳፍ ላይ በሚያርፉ ትናንሽ የሰው ምስሎች ነው። ካሜራ ባልነበረበት ዘመን ሰው የሚወደውን ሰው መልክ በኪሱ ይዞ የሚዞረው በእንደነዚህ ዓይነት ሥዕሎች ነበር። ልጁ ካሮላይን ሊኪ ደራሲ ሆነች። ዛሬ ታዝማኒያ በምትባለው ደሴት ኖራ ተመለሰችና፣ ከእንግሊዝ ወደዚያ በግዞት ይላኩ ስለነበሩ እስረኞች ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1859 ልብ ወለድ አሳተመች።

ከሰዓሊውና ከደራሲዋ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ወደ አፍሪካ ተሻገረ። ሃሪ ሊኪ ከባለቤቱ ጋር በሚሲዮናዊነት ኬንያ ገብቶ ከናይሮቢ አጠገብ ካቤቴ ላይ፣ በኪኩዩ ሕዝብ መካከል ተቀመጠ። ሉዊስ የተወለደው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903። ከኪኩዩ ልጆች ጋር አብሮ አደገ፣ ቋንቋቸውን እንደ አፍ መፍቻው ተናገረ፣ በእኩዮቹ ወግ መሠረት ለአቅመ አዳም የሚያበቃውን ሥርዓት ፈጸመ። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማረ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ምሁራን የሰው ልጅ መነሻ እስያ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በጃቫና በቻይና ጥንታዊ አጥንቶች ተገኝተው ስለነበር። ሉዊስ ግን ዳርዊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰነዘረውን ግምት ይዞ “መነሻው አፍሪካ ነው” አለ። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር ኦልዱቫይ ገደል ውስጥ ቁፋሮ ያዘ። ያሰበውን ሳያገኝ ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1959 ሉዊስ ታሞ ድንኳን ውስጥ በተኛበት ቀን ሜሪ ብቻዋን ወጣች። ከመሬት ብቅ ያለ አጥንት ዓይኗ ውስጥ ገባ። የጥንታዊ ፍጡር የራስ ቅል ነበር። ዕድሜው ኋላ ሲለካ ወደ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ተጠጋ። ዜናው ግን በዓለም የተሰራጨው ሊኪ በሚለው ስም ነው፤ ብዙ ሰው ሲሰማውም ያሰበው ሉዊስን ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ቀኑ ግንቦት 11፣ 1933 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ ገና 14 ቀናቸው ነው። በደቡብ ግን ጦርነቱ አላበቃም፤ የጣሊያን ጦር በሐይቆቹ አካባቢ እየተከላከለ ነበር። ዛሬ የሐላባ ዋና ከተማ በሆነችው ቁሊቶ አጠገብ፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው በቢላቴ ወንዝ ላይ፣ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሠራዊት ጥቂት ወታደሮች ወደ ማዶ ተሻገሩ። ብዙ ሳይቆዩ የጣሊያን ታንኮች ከቁጥቋጦው ወጥተው መጡባቸው። ታንክ የሚመክት መሣሪያ አልነበራቸውም።

ከመካከላቸው ናይጀል ሊኪ የተባለ ሳጅን ነበር። ኬንያ ተወልዶ ያደገ፣ የሉዊስ ዘመድ ነው። ወደ አንዱ ታንክ ሮጠ፣ ላዩ ላይ ዘለለ፣ መክደኛውን በእጁ መንጭቆ ከፈተ፣ በሽጉጡም ውስጥ ያሉትን ተኮሰ። ሾፌሩን ብቻ አስቀርቶ ታንኩን ወደ መከለያ እንዲነዳ አስገደደው። ከዚያ ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ሌላ ታንክ ላይ ሲወጣ ተመትቶ ወደቀ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ስሙ ናይሮቢ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ ዘማቾች መታሰቢያ ላይ ተጽፏል። የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ የተሰጠው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2013 አፍጋኒስታን ውስጥ በተደረገ ውጊያ ጆሹዋ ሊኪ የተባለ የእንግሊዝ ወታደር ያንኑ ሜዳይ አገኘ። እርሱም የናይጀል የሩቅ ዘመድ ነው። እንዲህ በማይበዛ ስም ሁለት ቪክቶሪያ ክሮስ!

የስሙ ታሪክ ግን ክብር ብቻ አይደለም። በኬንያ የማው ማው ትግል በተፋፋመ ጊዜ የናይጀል አባት ግሬይ ሊኪ እ.ኤ.አ. በ1954 በታጋዮቹ እጅ ተገደለ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች የነጻነት ንቅናቄ መሪውን ጆሞ ኬንያታን ለፍርድ ሲያቀርቡ፣ በፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ሆኖ የቀረበው ሉዊስ ነበር። ቋንቋውን ያስተማረው ሕዝብ ልጆች በተከሳሽ ወንበር ላይ ነበሩ፤ እርሱ ግን የቆመው ከከሳሽ ወገን ነው ብለው ተከላካይ ጠበቆች ተቃውሞ አሰሙ። ስለዚህ ይህ ስም ለእንግሊዝ ወታደርና መሬቱን ለተነጠቀ የኪኩዩ ገበሬ አንድ ዓይነት ትርጉም አልነበረውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ኦሞ ደርሰናል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኬንያን ሲጎበኙ ከሉዊስ ሊኪ ጋር ተገናኝተው ነበር። ጨዋታው ስለ ጥንታዊ አጥንቶች ሆነና ንጉሡ “በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ነገር ያልተገኘው ለምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ አነሱ። ሉዊስ ዕድሉን አላሳለፈም፤ ቦታውን ያውቀው ነበር። ካሚ አራምቡር የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በታችኛው ኦሞ የእንስሳት ቅሪተ አካላትን ሰብስቦ ስለነበር አካባቢው ሀብታም መሆኑ የታወቀ ነው። ፈቃዱ ተገኘ። በ1959 ዓ.ም. ሦስት ቡድኖች መጡ፤ የፈረንሳዩ በአራምቡርና በኢቭ ኮፐን፣ የአሜሪካው በክላርክ ሃውል፣ የኬንያው በሪቻርድ ሊኪ መሪነት።

ሪቻርድ የሉዊስና የሜሪ ልጅ ነው። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። ኦሞ እንግዳውን በራሱ መንገድ ተቀበለው። ወንዙን ሲሻገሩ አዞዎች የእንጨት ጀልባቸውን ሰባበሩባቸው፤ ነፍሳቸውን ያተረፉት ለጥቂት ነው። ሌላ ጀልባ በሬዲዮ ጠየቁ፤ የመጣላቸው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። አዞ የማይሰብረው መሆኑ ነው!

ቡድኑ የደረሰበት ቦታ የኛንጋቶም አገር ነው፤ በኪቢሽ ወንዝ አካባቢ፣ ከኦሞ ወንዝ ወደ ምዕራብ። እዚያ ከገደላማው አፈር ውስጥ የሰው አጥንት የታየው ካሞያ ኪሜው ለተባለ ሰው ነው። ካሞያ ኬንያዊ ነው፤ የካምባ ሰው። ለሊኪዎች በቀን ሠራተኛነት የተቀጠረው ኦልዱቫይ ላይ ነበር። ከድንጋይ መካከል አጥንት ለይቶ በማየት በዘመኑ የሚስተካከለው አልነበረም። ዛሬ ይህ ቅሪተ አካል ኦሞ አንድ በመባል ይታወቃል። ቦታው በሳይንስ መዛግብት የተመዘገበው በካሞያ ስም ነው። ከዚያው አካባቢ ሌላ የራስ ቅል ተገኝቶ ኦሞ ሁለት ተባለ።

ኦሞ አንድ የእኛው የራሳችን ዓይነት ሰው ነው። ክብ የራስ ቅል፣ ወጣ ያለ አገጭ አለው። ልብሱን አልብሳችሁ ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ብትለቁት፣ በአጥንቱ ቅርጽ የሚለየው ሰው አይገኝም። ጥያቄው ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ነበር።

መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። በመጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢያን ማክዱገል፣ ፍራንክ ብራውንና ጆን ፍሊግል ወደ 195 ሺህ ዓመት አደረሱት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሴሊን ቪዳል የመራችውና ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ምሁር ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራት የተሳተፉበት ጥናት ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ነው አለ፤ ከዚህ ቁጥር በላይም በታችም 22 ሺህ ዓመት የልኬት ልዩነት ይዞ።

እንዴት ተለካ? አጥንቱ ራሱ አይደለም የተለካው፤ በዙሪያው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በነፋስ ተጉዞ ሩቅ አገር ያርፋል። በአመዱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት ከቀዘቀዙበት ጊዜ ጀምሮ በታወቀ ፍጥነት የሚጠራቀም ጋዝ ይይዛሉ፤ አርጎን ይባላል። ጋዙ ሲለካ ፍንዳታው መቼ እንደሆነ ይታወቃል። ኪቢሽ ላይ ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ በጣም ስለደቀቀ እንዲህ ሊለካ አልቻለም። ተመራማሪዎቹ የአመዱን ኬሚካላዊ ይዘት መርምረው ምንጩን ፈለጉ። በስምጥ ሸለቆ ካለው የሻላ እሳተ ገሞራ ጋር ገጠመላቸው። የሻላውን አለት ለኩት። ከላይ ያለው አመድ 233 ሺህ ዓመት ከሆነው፣ ከሥሩ የተቀበረው ሰው ከዚያ በፊት ኖሯል ማለት ነው። ዛሬ በመዝናኛነቱ የምናውቀው የሻላ ሐይቅ የኪቢሽን ሰው ዕድሜ መሰከረ።

በእነዚህ ጥናቶች መካከል የሆነ አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። ካሞያ አጥንቱን ካገኘ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ቦታ ፈልገው አገኙና አፈሩን እንደገና ፈተሹ። ከለቀሙት ስብርባሪ መካከል አንድ የጭን አጥንት ክፋይ ቀድሞ ከተወሰደው ክፋይ ጋር ገጠመ። ስብራቱ ከስብራቱ ልክ ነበር። ቦታውንም ሰውየውንም በተመለከተ የነበረው ጥርጣሬ በዚህ ተወገደ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሪቻርድ ሊኪ ግን በኦሞ ብዙ አልቆየም። ከናይሮቢ ወደዚህ በአውሮፕላን ሲመጣ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር ቅሪተ አካል የሚይዝ የሚመስል ደለል ከላይ ሆኖ አየ፤ ኩቢ ፎራ የሚባለው ቦታ ነው። በሌላ ዓመት የራሱን ካምፕ እዚያ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1972 በርናርድ ንጌኔዮ የተባለ የቡድኑ አባል ታዋቂ የራስ ቅል አገኘ። ሪቻርድ ዕድሜውን ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት አስጠጋው፤ በላዩ ያለው አመድ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው የሚል ልኬት ይዞ።

ይህን ያረመው የደቡብ ኦሞ አፈር ነው። ፈረንሳዮቹና አሜሪካውያኑ በታችኛው ኦሞ ሹንጉራ በተባለው ቦታ ለዓመታት ቆይተው የእንስሳት ቅሪቶችን ከነንብርብራቸው በቅደም ተከተል ሰብስበው ነበር። ከእነዚህ መካከል የጥንት ከርከሮዎች አሉ። የኋለኛው መንጋጋ ጥርሳቸው በጊዜ ብዛት እየረዘመ ስለሄደ፣ ጥርሱን ያየ ዘመኑን ያውቃል። ባዚል ኩክ የተባለ ምሁር የኩቢ ፎራን ከርከሮዎች ከኦሞዎቹ ጋር ሲያስተያይ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የተባለው የኩቢ ፎራ ንብርብር በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው ጋር እኩያ ሆኖ አገኘው። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ አመዱ እንደገና ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። የከርከሮ ጥርስ ዝነኛውን ስም ረታ።

ሪቻርድ ከዚያ በኋላም ስሙን በሌላ መስክ አስጠራ። የኬንያን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከአዳኞች የተያዘ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ሲቃጠል የሐሳቡ መሪ እርሱ ነበር። በአውሮፕላን አደጋ ሁለት እግሮቹን አጣ፣ ፖለቲካ ውስጥ ገባ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2022 አረፈ። ወንድሙ ፊሊፕ የኬንያ ፓርላማ አባልና ሚኒስትር ሆነ። ለሪቻርድ ኩላሊቱንም የሰጠው እርሱ ነው። በአባት ብቻ ወንድማቸው የሆነው ኮሊን ሊኪ ደግሞ የቦሎቄ ተመራማሪ ነበር፤ ሆድ የማይነፋ ቦሎቄ ለማዳቀል ሲደክም ኖሯል። የሪቻርድ ባለቤት ሚቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ከባልደረቦቿ ጋር አውስትራሎፒቴከስ አናመንሲስ የተባለውን የ4 ሚሊዮን ዓመት ዝርያ ሰየመች። ልጃቸው ሉዊዝ በዚሁ ሥራ ላይ ናት።

እንግዲህ መጀመሪያ ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር እንመለስ። የቤተሰብ ስም ብዙ ሰው የሠራውን በአንድ ቦታ ይሰበስባል። ይህ ጥቅም አለው፤ ትውልድን ከትውልድ ያያይዛል፣ ልጅ አባቱ የጀመረውን እንዲቀጥል በር ይከፍታል። ያለ ዩኒቨርሲቲ ወረቀት የ22 ዓመት ወጣት የኬንያን ቡድን የመራው በአባቱ ስም ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ግን ስሙ የሚሸፍነውም አለ። እ.ኤ.አ. የ1959ኙን የኦልዱቫይ የራስ ቅል ያየችው ሜሪ ናት። ኦሞ አንድን ያገኘው ካሞያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በቱርካና ምዕራባዊ ዳር 1.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረውን የልጅ አጽም ያገኘውም እርሱ። ንጌኔዮን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በእኛ ደንብ ሁሉም በየራሳቸው ስም ቢጻፉ ኖሮ ማን ምን እንደሠራ ለመለየት ይቀለን ነበር። ስለዚህ ተማሪዎች፣ መጽሐፍ ላይ “ሊኪ አገኘ” የሚል ስታነቡ “የትኛው ሊኪ? በቦታው ማን ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄው ለእኛም ይሠራል። ኦሞ አንድ የሚገኘው አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርሱ የተገኘው ከደቡብ ኦሞ አፈር ቢሆንም፣ በዝነኞቹ ተመራማሪዎች ስም ዝርዝር ውስጥ የዚህ አካባቢ ልጅ ስም አይጎላም። ጂንካ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየምም ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ አለ። ከኛንጋቶም፣ ከዳሰነች፣ ከአሪ የሚወጣ የሥነ ምድር ወይም የቅሪተ አካል ተመራማሪ የሚቀጥለውን ግኝት በራሱና በአባቱ ስም የማያስመዘግብበት ምክንያት የለም።

ለተማሪ አድማጮቻችን የሳምንቱ ጥያቄዎች እነሆ። አንድ፦ ከአጥንት በላይ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለ አጥንቱ ዕድሜ ምን ይነግረናል? ሁለት፦ የከርከሮ ጥርስ የኩቢ ፎራን ክርክር እንዴት ፈታ? ሦስት፦ የራሳችሁን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያ ሰው የሠራውን አንድ ነገር ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ አስፍሩ። የእናታችሁንም ወገን እንዳትረሱ።

መልሶቻችሁን በክፍል ከመምህራችሁ ጋር ተወያዩባቸው። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)